ሞራው ከወጣ በኋላ ያለው ወር

የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮኑ ሃያ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። እናቴ ገባች፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ከእህቴ ጋር በስልክ አውርቼ ሳልጨርስ ቀኝ ዓይኗ ተሸፍኖ ነርሷ ደግፋት ወጣች። «አለቀ?» አልኳት። «አለቀ፤ ምንም አላመመኝም» አለችኝ። ለዚያች ሃያ ደቂቃ ወራት ጠብቀናል፣ ለምርመራ ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል፣ የዚያን ቀንም ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ የወጣነው ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ላለው ወር ግን ምንም አልተዘጋጀንም።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ወር ነው። ሰፈራችን ውስጥ «ተሠርቶልኝ ነበር፣ ግን ያው ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቁጭ ብዬ ሳዋራቸው አንዳንዶቹ በማግስቱ ደህና አድርገው ያዩ እንደነበር ይነግሩኛል። ከዚያ ጠብታው አለቀ፣ ቀጠሮው ራቀ፣ ውሃ መጣ፣ ሊጥ ተቦካ። ሐኪሙ የለፋበት ነገር በእነዚህ ትናንሽ ነገሮች መሃል ሲበላሽ ያሳዝናል።

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት እንደሆነ አሳይቶ ነበር። ግማሽ! ያውም በኦፕራሲዮን በሚመለስ ነገር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። የዓይን ስፔሻሊስቶች ብቻ ሳይሆኑ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ሌሎች የጤና ባለሙያዎችም ሞራ ያወጣሉ፣ በዘመቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለመቶዎች የሚሠራበት ጊዜ አለ። ደስ ይላል። ዜናው ግን ሁልጊዜ «ይህን ያህል ሰው ኦፕራሲዮን ተደረገለት» ብሎ ያበቃል። ከወር በኋላ ስንቱ እንዳየ አይነገረንም። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ጉባኤ እስከ 2030 እንዲደረስበት ያጸደቀው ግብ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። «ውጤታማ ሽፋን» ነው የሚለው። የሚቆጥረው ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገውን ሰው ወስዶ፣ ከነሱ ውስጥ ተሠርቶለት በደንብ የሚያየው ስንት ነው ብሎ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ቤቱ ገብቶ የሚያሳልፈው ወር የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ምን እንደተደረገ እንረዳ። ያ ከገባን የሚከለከለው ነገር ሁሉ ለምን እንደተከለከለ ይገባናል። ሞራ ዓይን ላይ የሚበቅል ነገር አይደለም። ከጥቁሩ ዓይናችን ጀርባ ያለችው ጥርት ያለች የተፈጥሮ ሌንስ በዕድሜ፣ በስኳር በሽታ፣ በአደጋ ወይም በአንዳንድ መድኃኒቶች ምክንያት ስትደፈርስ ነው ሞራ የምንለው። ሐኪሙ የደፈረሰችውን ሌንስ ከስስ ከረጢቷ ውስጥ ያወጣና በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ከረጢቷ እዚያው ትቀራለች። (ይህችን ከረጢት ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።) እዚህ አገር በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ስድስት ሰባት ሚሊ ሜትር በምትሆን መሰንጠቂያ ሌንሷን እንዳለች ያወጣል። ፋኮ የሚባለው ደግሞ ሌንሷን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ ከሦስት ሚሊ ሜትር በማትበልጥ መሰንጠቂያ ይመጣታል። በሁለቱም ብዙውን ጊዜ ስፌት የለም። መሰንጠቂያው የሚሠራው ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ራሱ ከውስጥ እየገፋ እንዲዘጋው ተደርጎ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዓይን ላይ ያልተሰፋና ገና ያልጠና ቁስል አለ። ከውጭ አይታይም፣ ብዙም አያምም። ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው።

ጎረቤቶቻችን ሊጠይቋት ሲመጡ ደጋግመው ያነሱት ጥያቄ «መስታወቱ ቢሰበርስ?» የሚል ነበር። መስታወት አይደለም። ታሪኩን ብነግራችሁ ደስ ይላችኋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላናቸው መስኮት ተሰባብሮ ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎች ነበሩ። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ይህ ፕላስቲክ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተዋለ። ከዚያ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። ዛሬ እናቶቻችን ዓይን ውስጥ ያለው የዚያ ልጅ ነው። አይበሰብስም፣ አይለወጥም፣ ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል።

ወደ መጀመሪያው ሌሊት ልመለስ። ማደንዘዣው ሲለቅ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ አሸዋ የገባበት ይመስላል፣ እንባ ይወርዳል። ይህ ያለ ነው። ቀለል ያለ ማስታገሻ ይበቃዋል። መሸፈኛውን ማንሳት የለም፣ በተሠራው ዓይን በኩል መተኛትም የለም። ዋናው ችግር የነበረው ማግስቱ ነው። ለማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተቀጥረናል። ከኮዬ ለሚነሳ ሰው ይህ ማለት በጨለማ ተነስቶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ መሄድ ነው፣ ያውም አንድ ዓይኑ ታሽጎ። ከቻላችሁ ሆስፒታሉ አካባቢ ዘመድ ቤት እደሩ። ዘመድ ከሌለ ለኮንትራት ታክሲ የሚሆነውን ብር ከኦፕራሲዮኑ ወጪ ጋር አብራችሁ ቁጠሩት። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ የሚታለፍ አይደለም። የዓይን ግፊት ጨምሮ እንደሆነ፣ ቁስሉ ውሃ ያሳልፍ እንደሆነ፣ ሌንሱ ቦታውን ይዞ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው።

ነርሷ ፋሻውን ስታነሳ እናቴ መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም። ጭኗ ላይ ያለውን ነጠላ ነው። እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ለፋሲካ የገዛችላት ነጠላ ነው። እናቴ ግን አንድም በዓል ለብሳው አታውቅም። «ለበዓል ጥቁር ጥለት ይገዛል?» እያለች ለለቅሶና ለሆስፒታል ብቻ ታወጣው ነበር። ጥለቱን በጣቶቿ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። «ሰማያዊ ነው እንዴ ይሄ?» አለች። ሰማያዊ ነው፤ ደመቅ ያለ ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩን ወርቃማ ክር ያለበት። እንባዋ መጣ፣ እጇን ወደ ዓይኗ ስትሰድ ነርሷ ቀልጠፍ ብላ ያዘቻት። «እማዬ፣ ማልቀስ ይቻላል፣ መጥረግ ነው የማይቻለው» አለቻት።

ነገሩ ምክንያት አለው። የተፈጥሮ ሌንስ እየደፈረሰች ስትሄድ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ትሆናለች፣ በተለይ ሰማያዊውን ብርሃን ትጋርዳለች። ቀስ በቀስ ስለሚሆን ሰው አይነቃበትም። ስትወጣ ቀለሙ ሁሉ ባንዴ ይመለሳል። ለጥቂት ቀናት ሁሉም ነገር ወደ ሰማያዊነት ያደላ፣ ነጩም የበዛ ሊመስል ይችላል፣ ብርሃንም ይወጋል። ቀን ቀን የፀሐይ መነጽር ማድረግ ይረዳል።

ለሁሉም ሰው ግን የመጀመሪያው ጠዋት እንዲህ አይሆንም። ይህን በግልጽ ልናገረው፣ ምክንያቱም በዚህ ብዙ ሰው ይደነግጣል። «ሞራው ይብሰል» ተብሎ ዓመታት የጠበቀ ሰው ሌንሱ ጠንክሯል። ጠንካራ ሌንስ ማውጣት ዓይኑን ያደክመዋል፣ ፊት ለፊት ያለው የዓይን ክፍል ያብጣል፣ ስለዚህ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሁለት ሳምንት ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። ቀስ በቀስ ይጠራል። (ይብሰል የሚባለው ነገር የድሮ ነው። ዛሬ ሞራው ሥራ ሲያስፈታ ይወጣል፤ ከልክ በላይ ያረጀ ሞራ እንዲያውም የዓይን ግፊት ሊያመጣ ይችላል።) ከሞራው ሌላ ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) ወይም በስኳር የተጎዳ ረቲና (ከዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ያለበት ሰው ደግሞ ሞራው ቢወጣለትም የሚያየው ዓይኑ የቀረለትን ያህል ነው። ይህን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ጥሩ ነው፣ በኋላ ቅሬታ እንዳይሆን።

አሁን ወደ ጠብታው። ወሩን ሙሉ የሚመራው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኢንፌክሽን እንዳይገባ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሲሆን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይወሰዳል። ሌላው ስቴሮይድ ነው፤ የዓይኑን መቆጣት ያበርዳል፣ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ በየሳምንቱም ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። አንዳንዴ ሁለቱ በአንድ ብልቃጥ ተቀላቅለው ይመጣሉ። የእናንተ ሐኪም ያዘዘው ከዚህ ከተለየ የሐኪማችሁን ያዙ።

እናቴ የመጀመሪያውን ሳምንት «እኔው አደርገዋለሁ» አለችና ራሷ አደረገችው። አንዱ ጠብታ ጉንጯ ላይ፣ አንዱ ሽፋሽፍቷ ላይ፣ አንዱ ነጠላዋ ላይ። ወር ይቆያል የተባለው ብልቃጥ በስምንተኛው ቀን አለቀ። ሰፈር ያለው ፋርማሲ ያንን ጠብታ አልያዘም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው። «አለቀ፣ ዓይኔም ደህና ነው» ብሎ ይተወዋል። ስቴሮይድ ግን ባንዴ ሲቋረጥ የበረደው ቁጣ ሊመለስ ይችላል፣ ዓይን ይቀላል፣ ይደበዝዛል። ተቃራኒውም ስህተት አለ፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። ጠብታው ስለተመቸ ከታዘዘው ጊዜ በላይ ያለ ማዘዣ እየገዙ መጨመር። ስቴሮይድ ያለ ክትትል ሲቆይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ግፊት ደግሞ ሳያምም ነው ዓይን የሚያጠፋው። የተረፈውንም ለጎረቤት «ዓይኔ ቀላ» ሲል አትስጡ።

ሌላ ብልቃጥ ካገኘን በኋላ እኔ ነበርኩ የማደርግላት። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ታስቀምጥና ራሷን ወደ ኋላ ደገፍ ታደርጋለች፣ ጣሪያውን ታያለች። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ ሳደርገው ትንሽ ኪስ ይፈጠራል። እዚያ ውስጥ አንድ ጠብታ፤ አንድ ብቻ፣ የዓይን ኪስ ከዚያ በላይ አይዝም። የብልቃጡ አፍ ቆቡንም ሽፋሽፍቱንም አይነካም። ከዚያ ዓይኗን በቀስታ ትጨፍናለች፣ እኔ ደግሞ አፍንጫዋ ጋ ያለውን የዓይኗን ጥግ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል በጣቴ ጫን አደርጋለሁ፣ ዓይኑን እንዳልጫን ተጠንቅቄ። ይህን ነርሷ ነች ያሳየችኝ፤ ጠብታው ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ነው። ሁለተኛውን ለማድረግ አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን፣ አለዚያ አንዱ ሌላውን ያጥበዋል። ብልቃጡ ላይ ይነቅነቅ የሚል ካለበት ሁልጊዜ ይነቅነቅ፣ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣልና። ወረቀት ላይ ሰዓቱን ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍነው፤ ጠዋት 1፣ ቀን 6፣ ከሰዓት 10፣ ማታ 3። በተደረገ ቁጥር ምልክት።

ዋናው የምለው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው።

ስንወጣ የተነገረን ምክር አጭር ነበር። «ከባድ ነገር አታንሺ፣ አትጎንበሺ፣ አትሺው፣ ውሃ አታስነኪው፣ ጭስና አቧራ ተጠንቀቂ።» እናቴ ሁሉንም ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ቤታችንን አያውቀውም።

እኛ ሕንፃ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የመውጣት አቅም የለውም፣ ከታች ነው የሚቀዳው። በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ የሚጎተት ነገር ድምፅ ሰምቼ ተነሳሁ። እናቴ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ነበረች፣ አንድ እጇ ብረቱን ይዟል፣ አንድ እጇ ሙሉውን ጀሪካን። ትንፋሿን ይዛ እየጎተተችው ነው። «እናንተን ላለመቀስቀስ ብዬ ነው» አለችኝ። «ከባድ ነገር አታንሺ ተብለሽ የለም ወይ?» ብላት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ይሄ ውሃ ነው እንጂ!» ለእሷ ከባድ ነገር ማለት ኩንታል ነው። ጀሪካን የየዕለቱ ኑሮ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ግን ሃያ ኪሎ ነው። ትንፋሽ ይዞ ሃያ ኪሎ መጎተት ዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ያንረዋል፣ ያ ያልተሰፋ ቁስል ደግሞ ገና ነው። እግዜር ረድቷት ምንም አልሆነችም። እኔ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ምክሩን በቤታችን ቋንቋ ልጻፈው። ከባድ ነገር ማለት ጀሪካን ነው፣ የሊጥ ቡሃቃ ነው፣ የልጅ ልጅ ነው። አትጎንበሺ ማለት ባልዲ ላይ አቀርቅሮ ልብስ ማጠብ፣ ወለል በእጅ መወልወል፣ ወገብን አጥፎ ጫማ መፈለግ ነው። ጭስ ማለት ምጣድ ነው፣ የከሰል ምድጃ ነው፣ የቡና ዕጣንም ነው፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ታማሚዋ መሃል ላይ ትቀመጣለች። ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑ ይቅር። ሽንኩርት መክተፍና በርበሬ መደለዝም ለአንድ ወር ለሌላ ሰው ነው። አቧራ ማለት ደግሞ የእኛ ሰፈር መንገድ ነው፣ በየጎኑ ግንባታ ነው፣ በጋ ላይ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ደመና ይነሳል። በባጃጅ ከመሄድ የተዘጋ ታክሲ ይሻላል፣ በመስኮቱ በኩልም አለመቀመጥ።

ውሃ አታስነኪው ማለት አትታጠቢ ማለት አይደለም። ከአንገት በታች መታጠብ ከመጀመሪያው ይቻላል። ፊት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ዓይኑን ሳይነካ። ፀጉር ሲታጠብ እንደ ፀጉር ቤት ወደ ኋላ ጋደም ብሎ፣ ሌላ ሰው ያጥባል። ይህ ጥንቃቄ በተለይ ለሁለት ሳምንት ነው። ሌሊት ሌሊት በእንቅልፍ ልብ እንዳትፈትገው መሸፈኛው ለሳምንት ያህል ይደረጋል። ትልቋ መሰንጠቂያ የተሠራበት ሰው ከፋኮው ይልቅ ጠንቀቅ ይበል፣ ቁስሉ ለመጥናት ጊዜ ይፈልጋል። ሳልና የሆድ ድርቀትም እንደ ጀሪካኑ ናቸው፣ ያስምጣሉና። ውሃ መጠጣት፣ አትክልት መብላት፣ ጉንፋን ካለ ቶሎ መታከም።

የእምነት ነገር አለ። ብዙ እናቶች ከሐኪሙ ይልቅ የሚጨንቃቸው ይህ ነው። ስግደት ግንባርን መሬት ያስነካል፣ ለሙስሊም እናቶችም ሱጁድ እንደዚያው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይ ይሻላል። የንስሐ አባትንም ሆነ የመስጊዱን ኢማም ብትጠይቁ የታመመ ሰው በአቅሙ እንደሚጸልይ ይነግሯችኋል። ጸበሉን በተመለከተ እናቴን ያሳመንኳት እንዲህ ብዬ ነው፤ ጠጪው፣ ሰውነትሽ ላይ አድርጊው፣ ዓይንሽን ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ አቆይው። ተስማማች።

የጠያቂ ምክርም አለ። አንዷ የእናት ጡት ወተት ጠብ አድርጉላት አለች፣ ሌላዋ የዳማከሴ ጭማቂ። ከፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ግን በክፍት ቁስል በኩል ወደ ዓይን ውስጥ ባክቴሪያ ማስገባት ነው። ከታዘዘው ጠብታ በቀር ምንም ነገር፣ ምንም፣ ዓይን ውስጥ አይገባም። በሌላ በኩል ያለ ምክንያት የሚከለከሉ ነገሮች አሉ። ቴሌቪዥን ማየት ዓይኑን አይጎዳም። ማንበብም እንዲሁ። ሥጋ መብላትም ቢሆን። ስኳር ያለበት ሰው ግን ስኳሩን መቆጣጠር አለበት፤ ቁስሉም ቶሎ እንዲድን፣ ረቲናውም እንዳያብጥ።

አሁን የምጽፈውን አንብባችሁ ለቤተሰብ ሁሉ ንገሩ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለው አካሄድ ወደ መሻል ነው። ነገ ከዛሬ ይሻላል። አካሄዱ ከተገለበጠ፣ ማለትም ትናንት ያይ የነበረው ዛሬ ከደበዘዘበት፣ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ ቅላቱ ከጨመረ፣ ቆቡ ካበጠ ወይም መግል ከታየ፣ ያ ዓይን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አይበዛም፤ ከሺህ ኦፕራሲዮን በአንድ ሁለቱ ቢደርስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ሳምንት ወይም በሁለተኛው ነው። ግን በቀናት ሳይሆን በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ነው። ሰኞን አትጠብቁ፣ ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ፋርማሲ ሄዳችሁ ሌላ ጠብታ አትሞክሩ፣ «የሰው ዓይን አይቷት ነው» ተብሎም አይታደር። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል። ከዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን፣ እንደ ዝንብ የሚበሩ ብዙ ጥቁር ነጥቦች፣ ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካለም እንደዚያው ፈጥናችሁ ሂዱ፤ ያ ረቲና ተላቆ ሊሆን ይችላል፣ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። በነጩ ዓይን ላይ ደም የቋጠረ የሚመስል ቀይ ነገር ብቻውን፣ ያለ ሕመምና ያለ መደብዘዝ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

ሌላው ቅሬታ «ሩቁን አያለሁ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ግን አቃተኝ» የሚለው ነው። አዲሱ ሌንስ እንደ ልጅነታችን ሌንስ ራሱን አያስተካክልም። ብዙ ጊዜ የሚገባው ለሩቅ እንዲያይ ሆኖ ነው፣ ስለዚህ ለቅርቡ መነጽር ያስፈልጋል። ያ የኦፕራሲዮኑ ስህተት አይደለም። መነጽሩ ግን ቶሎ አይለካም፤ ቁስሉ እስኪጠና የዓይኑ ቅርጽ ስለሚለዋወጥ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። በመሃል ያለው ጊዜ ይረብሻል፣ በተለይ አንዱ ዓይን ተሠርቶ ሌላው ሲቀር። እናቴ ለሁለት ሳምንት ያህል ደረጃው ተንሻፎ ይታየኛል ትል ነበር። ስትወርድ ሰው ይያዛት፣ ማታ ማታ ደግሞ የደረጃው መብራት ይብራ።

ያቺ ከረጢት። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አንዳንድ ሰው እንደገና ይደበዝዝበታል፣ «ሞራው ተመልሶ መጣ» ይላል፣ ተስፋም ይቆርጣል። ሞራ አይመለስም። የተቀመጠችው ከረጢት ጀርባዋ ሲደፈርስ ነው። መድኃኒቷ ሌዘር ነው፣ ተመላላሽ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀምጦ በደቂቃዎች የሚያልቅ፣ ቢላ የሌለበት። ይህን ሳያውቅ ቤቱ የተቀመጠ ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። ካለ ይንገሩት።

በእኔ እምነት መቀየር የሚገባው ነገር ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ሲያስወጡን ነርሷ ሦስት ጥያቄ ብትጠይቅ ይበቃ ነበር። ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖሩት? ውሃ ማን ይቀዳል? ጠብታውን ማን ያደርግላታል? ያ የሚያደርግላት ሰው እዚያው ተጠርቶ በነርሷ ፊት አንድ ጊዜ ቢሞክር ብልቃጡ በስምንት ቀን አያልቅም ነበር። ምክሩ ለታማሚዋ ብቻ መነገሩ ነው ችግሩ። እሷማ እሺ ትላለች፣ ከዚያ ሌሊት ተነስታ ውሃ ትቀዳለች፣ እናት ናትና። የሳምንቱና የወሩ ክትትል ደግሞ ሁልጊዜ መሃል ከተማ መሆን የለበትም። የዓይን ክፍል ያላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ የዓይን ነርሶችም አሉ። የሳምንቱን ምርመራ ለእነሱ ማስረከብ ቢቻልና ያጠራጠራቸውን ብቻ ወደ ሆስፒታል ቢልኩ፣ በኮዬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ፣ በለገጣፎ ያለ ሰው ለአምስት ደቂቃ ምርመራ ሙሉ ቀን አያጠፋም፣ ቀጠሮውንም አይተወውም።

የእናቴ የግራ ዓይን ቀጠሮ ደርሷል። በዚህኛው ጊዜ ሁለት ብልቃጥ ጠብታ አስቀድመን ገዝተናል። የታችኛው ፎቅ ልጅ በፈረቃው ሌሊት አራት ጀሪካን ሊያወጣልን ተስማምተናል፣ እንጀራ ለአንድ ወር ከሱቅ ነው። የሰዓቱን ወረቀት እናቴ ራሷ ናት የጻፈችው፣ አዲሱን የቅርብ መነጽሯን አድርጋ፣ በትልልቅ ፊደል። ከባድ ነገር አታንሺ ከሚለው ሥር «ጀሪካን» ብላ ጨምራበታለች።